በነጭ ውሃ ላይ የብዙ ቀን ጉዞ፤ በመሪ የሚጓዝ መንገደኛ ምን ይጠብቀዋል?

የወሎ ነጋዴ ወንዝን የሚያውቀው በመሻገሪያው ነው። የቀደሙት የሲራራ ነጋዴዎች ጨውና ቡና ጭነው በሽሎ ዳር ሲደርሱ ጥያቄያቸው አንድ ብቻ ነበር፤ ውሃው ጎድሏል ወይስ አልጎደለም? ክረምቱ ገና ካልወጣ ቅፍለቱ ጭነቱን አራግፎ ይሰፍራል፤ ይጠብቃል። ጎደለ ሲባልም ዋና የሚያውቅ ሰው ረጅም በትር ይዞ ቀድሞ ይገባል፤ ጥልቀቱን ይለካል፤ «ይሆናል» ሲል በቅሎው ሁሉ ይከተላል፤ «አይሆንም» ሲል ሀብታሙም ድኻውም ድንኳኑን መልሶ ይተክላል። ለዚያ ዘመን ነጋዴ ወንዝ መንገድ የሚቆርጥ እንጂ ራሱ መንገድ አልነበረም።

በዘመናችን ግን ወንዝን የሚሻገር ሳይሆን ወንዝን ተከትሎ የሚወርድ መንገደኛ ተነሥቷል። በአየር በሚነፋ የጎማ ታንኳ ተቀምጦ፣ ስንቁንና ድንኳኑን ከታንኳው ጋር አስሮ፣ አምስት ቀን ወይም አሥር ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ በውሃ ላይ ይጓዛል፤ ማታ ማታም በወንዙ ዳር አሸዋ ላይ ያድራል። ውሃው ከዐለት ጋር እየተጋጨ አረፋ በሚደፍቅበት ስፍራ ነጭ ሆኖ ስለሚታይ ጉዞው የነጭ ውሃ ጉዞ ይባላል። ታንኳውንም ብዙ ሰው ራፍት ብሎ ይጠራዋል።

ይህ ነገር ከደሴና ከኮምቦልቻ ነጋዴ ጋር ምን አገናኘው የሚል ቢኖር መልሱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በውጭ አገር ልጅ ወይም የንግድ ወዳጅ ያለው ሰው በእንዲህ ያለ ጉዞ እንዲካፈል ሊጋበዝ ይችላል፤ የተጋበዘም ሰው ገንዘቡንና ሕይወቱን ለማን እንደሚያስረክብ አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል። ሁለተኛ፣ እንዲህ ያለ ጉዞ ስንቅ፣ ገመድ፣ አጋሰስና የጭነት መኪና የሚሻ ስለሆነ በሚካሄድበት ቦታ ሁሉ ለነጋዴው ሥራ ይፈጥራል። ዕቃውን የሚያቀርብ ሰው ደግሞ ዕቃው ለምን እንደሚውል ቢያውቅ ይበጀዋል።

ከዚህም ሌላ፣ ነገሩ ለወሎ ባዕድ አይደለም። ደሴ ከተማ ውሃ በሚከፍል ተራራ ላይ የተቀመጠች ናት። በአንዱ ጎን የሚወርደው ዝናም ወደ ቦርከና ገብቶ፣ በኮምቦልቻ አልፎ፣ ከአዋሽ ጋር ይቀላቀላል። አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር በአቤ ሐይቅ ይቀራል። በሌላው ጎን በኩታበር በኩል የሚወርደው ወደ በሽሎ ይገባል፤ በሽሎም በመቅደላ አምባ ግርጌ አልፎ ወደ ዐባይ ይፈስሳል። ተከዜም የሚነሣው ከላስታ ተራሮች ነው። በጎማ ታንኳ ጉዞ ታሪክ ስማቸው የሚጠራ ሦስት የኢትዮጵያ ወንዞች፣ ዐባይ፣ አዋሽና ተከዜ፣ እንግዲህ የወሎን ውሃ የሚጠጡ ናቸው።

ታሪኩም በአጭሩ እንደሚከተለው ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1962 ከስዊስና ከፈረንሳይ የመጡ ቀዛፊዎች በዐባይ ሸለቆ ሲጓዙ ሽፍቶች ሰፈራቸው ላይ ተኩሰው ሁለቱን ገደሏቸው። በ1968 ክረምት ደግሞ ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተባለው የእንግሊዝ መኮንን የሚመራው፣ ወታደሮችና የሳይንስ ሊቃውንት ያሉበት ትልቅ ጓድ በጎማ ታንኳ በዐባይ ሸለቆ ወረደ። ይህ ጉዞ በጎማ ታንኳ አጠቃቀም ብዙ ነገር ያስተማረ መሆኑ ይነገርለታል፤ ነገር ግን ያለ ዋጋ አልተፈጸመም፤ ከጓዱ አንዱ ከዐባይ ገባሮች አንዱን ሲሻገር ውሃ ወሰደው፤ ሽፍቶችም በጓዱ ላይ ተኮሱ።

በ1973 ሪቻርድ ባንግስ የተባለው አሜሪካዊና ጓደኞቹ መጥተው አዋሽንና ኦሞን ቀዘፉ። ከዚያም ሶቤክ የሚባል የጉዞ ድርጅት አቋቋሙ። ሶቤክ የጥንት ግብፃውያን በአዞ መልክ ያመልኩት የነበረው ጣዖት ስም ነው፤ አዞ በበዛባቸው ወንዞች የሚነግድ ድርጅት ይህን ስም መምረጡ የሚያስገርም አይደለም። ከዚያ ወዲህ በኦሞ ላይ ገንዘብ ከፍለው በመሪ የሚጓዙ መንገደኞች ከክረምቱ መውጫ ጀምሮ ሳምንታት የሚፈጅ ጉዞ ያደርጉ ጀመር። በ1996 ባንግስና ፓስኳሌ ስካቱሮ ተከዜን ወረዱ። በ2004 ደግሞ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ከዐባይ ምንጭ ተነሥተው በ114 ቀን እስክንድርያ ደረሱ።

ከእነዚህ ወንዞች አንዳንዱ ክፍል ዛሬ እንደ ቀድሞው አይደለም። የተከዜ ግድብ በ2009፣ ግልገል ጊቤ 3 በ2016፣ ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በ2025 ተመርቀው ሥራ ላይ ስለዋሉ፣ ቀድሞ ነጭ ውሃ ይንዶቀዶቅበት ከነበረው ሸለቆ ከፊሉ ጸጥ ያለ ሐይቅ ሆኗል። ስለዚህ በአሮጌ መጽሐፍ ላይ ስለ አንድ ወንዝ የተጻፈውን አንብቦ ጉዞ የሚያቅድ ሰው፣ ወንዙ ዛሬ እንዴት እንደሆነ በቅርብ ከተጓዘ ሰው መጠየቅ አለበት።

ከውል በፊት

በመሪ የሚደረግ የወንዝ ጉዞ ውል ነው። እንደ ማንኛውም ውል ሁሉ ከፊርማ በፊት የተጠየቀ ጥያቄ ከፊርማ በኋላ ከሚነሣ ክርክር ይሻላል። ዋጋው ምን ምን ይጨምራል? ምግቡን፣ ድንኳኑን፣ ወደ ወንዙ መሄጃውንና ከወንዙ መመለሻውን መኪና ይጨምራል ወይስ ለብቻ ይከፈላል? ውሃው ከመጠን በላይ ቢሞላና ጉዞው ቢቀር ገንዘቡ ይመለሳል ወይስ ወደ ሌላ ቀን ይተላለፋል? ሰው ቢታመም በምን ይወጣል? ወጪውንስ ማን ይችላል? ይህ ሁሉ በጽሑፍ መስፈር ያለበት ነው።

ከዋጋው የሚበልጠው ጥያቄ ግን የመሪው ማንነት ነው። መሪው ያንን ወንዝ፣ በዚያ ወር፣ በዚያ የውሃ መጠን ስንት ጊዜ ወርዶታል? ለቆሰለ ሰው የመጀመሪያ ርዳታ መስጠትንና ከውሃ ሰው ማውጣትን ተምሯል? ታንኳዎቹስ ስንት ናቸው? በሩቅ ሸለቆ በአንድ ታንኳ ብቻ የሚደረግ ጉዞ በአንድ በቅሎ ላይ ንብረትን ሁሉ እንደ መጫን ነው፤ ታንኳዋ ብትገለበጥ የሚደርስላት የለም። ደኅና ድርጅት ቢያንስ ሁለት ታንኳ ያሰልፋል፤ ብዙ ጊዜም በትንሽ ታንኳ ሆኖ ከፊት ወይም ከኋላ እየቀዘፈ ውሃ የወደቀውን የሚያነሣ ሰው ያክላል።

የወንዙንም ክብደት መጠየቅ ይገባል። በዓለም ዙሪያ ቀዛፊዎች ነጭ ውሃን ከ1 እስከ 6 በደረጃ ይከፍሉታል። አንደኛው ደረጃ ሕፃን የሚጫወትበት ዓይነት ትንሽ ሞገድ ነው። ሦስተኛው ታንኳውን የሚያንገላታ፣ በትክክል መቅዘፍን የሚጠይቅ ነው። አራተኛው ኃይለኛ ሲሆን ከባድ ልምድ ያለው መሪ ያሻዋል። አምስተኛው ለአዋቂዎች ብቻ ነው። ስድስተኛው ከሞት ጋር የሚዋሰን ስለሆነ ገንዘብ የከፈለ መንገደኛ አይወሰድበትም። ልብ መባል ያለበት ነገር ቢኖር ደረጃው ከውሃው ጋር የሚለዋወጥ መሆኑ ነው፤ በጥር ሦስተኛ ደረጃ የነበረ ስፍራ በነሐሴ አምስተኛ ሊሆን ይችላል።

የአገር ሰላምም ከውሃው እኩል ይመዘናል። መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚደርስ ለደሴና ለኮምቦልቻ ነጋዴ መንገር አያሻም። በ2021 መጨረሻ ጦርነቱ ሁለቱን ከተሞች ያዳረሰ ከመሆኑም በላይ ከነሐሴ 2023 ወዲህ በአማራ ክልል የታየው ግጭት መንገደኛን ሁሉ አስቸግሯል። በሸለቆ ውስጥ ያለ የታንኳ ጓድ ደግሞ እንደ መኪና ወደ ኋላ ሊመለስ አይችልም። ስለዚህ የሚታለፍባቸው ወረዳዎች ሹማምንትና የአገር ሽማግሌዎች ጉዞውን አውቀውና ፈቅደው ካልሆነ በቀር ሰላማዊ ነው የሚለውን ወሬ ብቻ አምኖ መነሣት ከድፍረት አልፎ ጥፋት ነው።

የሚያዝና የማይያዝ

ታንኳው ሰፊ ቢሆንም መጋዘን አይደለም። መንገደኛው የሚይዘው ዕቃ በአንድ ውሃ በማያስገባ ከረጢት የሚያልቅ መሆን አለበት። የጥጥ ልብስ አንዴ ከራሰ ቶሎ ስለማይደርቅና ሰውነትን ስለሚያቀዘቅዝ በውሃ ላይ አይመከርም፤ ሱፍ ወይም ቶሎ የሚደርቅ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ይሻላል። ጋቢ ለማታ እሳት ዳር እንጂ ለታንኳ አይሆንም። ጫማው ከእግር ጋር የሚታሰር ይሁን፤ መነጽር ያለውም በክር አንገቱ ላይ ይሰረው። የወርቅ ቀለበትና የከበረ ሰዓት በቤት ይቅር፤ ውሃ ደረሰኝ አይሰጥም።

መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሁለት እጥፍ ይያዝ፤ ግማሹንም በሌላ ታንኳ ባለ ከረጢት ያስቀምጥ። የልብ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ ወይም የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በመጀመሪያ ሐኪሙን፣ ቀጥሎም የጉዞውን መሪ ሊያማክር ይገባል። ይህን መደበቅ ራስን ብቻ ሳይሆን በታንኳው ያሉትን ሁሉ መጉዳት ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ በ2500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ስለሆነች የደጋ ሰው ወባን ይዘነጋል፤ በቆላ ሸለቆ ግን አጎበርና የሐኪም ምክር የግድ ነው። ዝግ ባለ ውሃ ውስጥ ቢልሃርዚያ ስለሚኖር፣ መሪው ባልፈቀደበት ኩሬ መታጠብም አይገባም።

የመጀመሪያው ቀን

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት በመቅዘፍ አይጀመርም፤ በመስማት ይጀመራል። መሪው መንገደኞቹን በወንዙ ዳር ሰብስቦ ተንሳፋፊውን ሰደርያና የራስ ቁሩን ያስለብሳል፤ የእያንዳንዱንም ማሰሪያ በእጁ እየሳበ ይመረምራል። ሰደርያው እስኪያስተነፍስ ብቻ መጥበቅ አለበት፤ የላላ ሰደርያ ውሃ ውስጥ ሲገባ በራስ ላይ ይወጣል።

ቀጥሎ ትእዛዞቹን ያስተምራል፤ «ወደ ፊት ቅዘፉ»፣ «ወደ ኋላ ቅዘፉ»፣ «አቁሙ»፣ «ዝቅ በሉ»። ታንኳው ከዐለት ጋር ሲጋጭ ሁሉም ሰው ወደ ዐለቱ በኩል እንዲዘልል ያዛል። ይህ ትእዛዝ ለጀማሪ እንግዳ ነው፤ ሰው በተፈጥሮው ከዐለት ይሸሻል። ነገር ግን ሁሉም ወደ ሌላው ጎን ከሸሸ ውሃው ባዶውን ጎን ከፍ አድርጎ ታንኳውን ይገለብጠዋል። ክብደት ወደ ዐለቱ ሲያጋድል ታንኳው ይድናል።

ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ውሃ ውስጥ ለወደቀ ሰው የሚሰጠው ነው። የወደቀ ሰው በጀርባው ተንጋልሎ፣ እግሩን ወደሚሄድበት አቅጣጫ ከፍ አድርጎ፣ የጫማው ጫፍ ከውሃው በላይ እየታየው ይንሳፈፍ። ዐለት ሲያጋጥመው የሚመክተው እግሩ እንጂ ራሱ አይሁን። በፈጣን ውሃ ውስጥ ቆሞ ለመራመድ መሞከር ግን ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ እግር በዐለት ስንጥቅ ከተያዘ ውሃው ሰውን አጎንብሶ ያሰጥመዋል፤ ይህም እስከ ጉልበት ወይም እስከ ወገብ ብቻ በሚደርስ ውሃ ይሆናል። የመዳኛ ገመድ ሲወረወርለትም ገመዱን ደረቱ ላይ አጥብቆ ይያዝ እንጂ በእጁ አንጓ ላይ አይጠምጥም። በታንኳው ሥር የገባ ሰው በእጁ ጣራውን እየገፋ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይሂድ፤ አቅጣጫ የሚለዋውጥ ከሥሩ አይወጣም።

ታንኳዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። በአንደኛው መሪው መካከል ተቀምጦ በሁለት ረጃጅም መቅዘፊያ ብቻውን ይቀዝፋል፤ መንገደኛው ገመድ ይዞ ይቀመጣል። በሁለተኛው ስድስት ወይም ስምንት መንገደኞች በየጎኑ ተቀምጠው በመሪው ትእዛዝ ይቀዝፋሉ። ሁለቱም የጎማው አካል በብዙ የአየር ክፍል የተከፋፈለ ስለሆነ አንዱ ክፍል ቢቀደድ ታንኳው አይሰምጥም። ጭነቱም በገመድና በማሰሪያ ይጠፈራል፤ የመሪው ረዳት ሲጠፍር ያየ የወሎ ነጋዴ በበቅሎ ጀርባ ላይ የጭነትን ሚዛን የሚያውቅ አንድ ጥሩ ጫኝ ትዝ ሊለው ይችላል።

በውሃ ላይ የሚውል ቀን

ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ቀኑ ሥርዓት ይይዛል። ጎሕ ሲቀድ እሳት ይነድዳል፤ ቡና ይፈላል፤ ድንኳን ይፈርሳል፤ ጭነት ይታሰራል። በውሃ ላይ የሚቆየው ሰዓት እንደ ወንዙ ፍጥነት ቢለያይም ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ነው። ከዚህ ሰዓት አብዛኛው ጸጥታ ነው። ታንኳው በገደል መካከል ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ዝንጀሮ ከገደሉ ይጮኻል፤ ንስር ያንዣብባል፤ ከላይ ካለው ዓለም ድምፅ አይሰማም። ነጭ ውሃው ከመድረሱ በፊት ድምፁ ከሩቅ እንደ ነጎድጓድ ይመጣል፤ መሪውም ቀድሞ ያሳውቃል። ከዚያ ጥቂት ደቂቃ ጩኸት፣ ማዕበልና ሥራ ነው፤ ወዲያው ጸጥታው ይመለሳል። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ያሉት አበው ምን ማለታቸው እንደሆነ መንገደኛው የሚረዳው ከዚያ ጸጥታ ውስጥ ሆኖ ነው።

በኦሞና በመሳሰሉት ወንዞች አዞና ጉማሬ አሉ። መሪዎች ከአዞ ይልቅ ጉማሬን ይጠነቀቃሉ፤ ጉማሬ ሲደነግጥ ወደ ጥልቁ ውሃ ስለሚሸሽ፣ በእርሱና በጥልቁ መካከል የገባ ታንኳ መንገዱን እንደዘጋበት ይቆጥረዋል። ስለዚህ መሪዎች በመቅዘፊያ ውሃውን እየመቱ መምጣታቸውን ያስታውቃሉ፤ ጥልቁንም ትተው በዳርቻው በኩል ያልፋሉ። በእንዲህ ያለ ስፍራ እጅን ከታንኳው ውጭ ማንጠልጠልም ሆነ ከመሪው ፈቃድ ውጭ መዋኘት ክልክል ነው።

ሰፈርና ስንቅ

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁለት ሰዓት ያህል ሲቀር ሰፈር ይመረጣል። የሚመረጠውም ከውሃው ከፍ ያለ ስፍራ ነው፤ በሩቅ ደጋ የጣለ ዝናም በሌሊት ወንዙን ሊሞላው ስለሚችል፣ ታንኳዎቹ በጠንካራ ዛፍ ወይም በዐለት ይታሰራሉ። የቅፍለት ሰው ይህን ልማድ ያውቀዋል፤ በወራጅ ውሃ መሬት ላይ የሰፈረ ነጋዴ ጭነቱን አላገኘም።

ምግብ የሚያበስሉት አብዛኛውን ጊዜ መሪዎቹ ናቸው። መንገደኛው ግን ውሃ በመቅዳት፣ እንጨት በመልቀምና ዕቃ በማውረድ እንዲያግዝ ይጠበቃል፤ ከከፈልሁ በኋላ እጄን አላነሣም የሚል ሰው በሦስተኛው ቀን ብቻውን ይቀራል። የሚጠጣ ውሃ ይፈላል ወይም ይጣራል። በስንቅ ረገድ የአገራችን ጥበብ ከማንም አያንስም። ቆሎ፣ በሶ፣ ጭኮ፣ ቋንጣና ድርቆሽ ሳይበላሹ ለሳምንታት የሚቆዩ፣ ክብደታቸው ቀላል፣ ጉልበት የሚሰጡ ምግቦች ናቸው። በደሴና በባቲ ገበያ የሚገኘውን ይህን ስንቅ በውሃ በማይገባበት ከረጢት አሽጎ ለጉዞ ድርጅት ማቅረብ ለብልህ ነጋዴ የሚያስብበት ነገር ነው።

የጾምና የሥጋ ነገር አስቀድሞ ሊነገር ይገባል። በወሎ እስላምና ክርስቲያን በአንድ ማዕድ ዙሪያ ሲቀመጡ የሥጋውን ነገር ማክበር የኖረ ልማድ ነው። ከሌላ አገር የመጣ መሪ ግን ይህን ላያውቅ ይችላል። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም፣ ሰላት የሚሰግድ፣ የሐላል ሥጋ ብቻ የሚበላ መንገደኛ ሁሉ ከመነሣቱ በፊት ቢያስታውቅ ሁሉም ይሰናዳለታል፤ በሸለቆ ውስጥ ቢያስታውቅ ግን ሱቅ የለም።

ደኅና ጓድ በሰፈረበት ቦታ ምንም ትቶ አይሄድም። ቆሻሻው ሁሉ፣ የእሳቱ አመድና የመጸዳጃው ነገር ሳይቀር፣ በሚዘጋ ሣጥን ተጭኖ እስከ ጉዞው መጨረሻ ይወሰዳል። ይህ ለጀማሪ የሚያስገርም ቢመስልም ከታች ያለው መንደር የሚጠጣው ውሃ ያው ወንዝ መሆኑን ላሰበ ሰው ተገቢ ነው።

ጠብ የሚነሣበት ቀን

ጉዞው ከተጋመሰ በኋላ ድካም ይመጣል። እጅ ይላጣል፤ ፀሐይ ከንፈርን ይሰነጥቃል፤ የራሰ ልብስ ይሰለቻል፤ ስልክም አይሠራም። ከቤተ ሰብና ከሱቅ ወሬ የተለየ ሰው በዚህ ቀን ጠባዩ ይለወጣል። ብዙ ጊዜም ከባዱ የውሃ ስፍራ የሚያጋጥመው በዚሁ ቀን ነው።

መሪው ታንኳዎቹን ከዳር ያሳስራል፤ ከረዳቶቹ ጋር በዐለት ላይ ወጥቶ ውሃውን ይመለከታል። ሩብ ሰዓት ይቆማል፤ ግማሽ ሰዓት ይቆማል። እንጨት ወርውሮ ውሃው ወዴት እንደሚወስደው ያያል። ውሃ ከዐለት ላይ ወርዶ ወደ ኋላ ተጠቅልሎ ያንኑ እንጨት እያሽከረከረ አልለቅም ካለ፣ ሰውንም እንደዚሁ እንደሚይዝ ያውቃል። ከዚያ ተመልሶ «አይሆንም፤ እንሸከማለን» ይላል። ይህ ማለት ጭነቱ ሁሉ ይፈታል፤ ታንኳዎቹ በዐለት ላይ በገመድ ይጎተታሉ ወይም በትከሻ ይወሰዳሉ፤ ሁለት መቶ ሜትር ለማለፍ ግማሽ ቀን ይፈጃል ማለት ነው።

ጠብ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። «የከፈልሁት ለመቅዘፍ እንጂ ለመሸከም አይደለም» የሚል አይጠፋም። «ባለፈው ዓመት ሌሎች ወርደውበታል» የሚልም ይኖራል። ተመላሽ ገንዘብ የሚጠይቅም አለ። መሪው ወጣት ከሆነና መንገደኞቹ ባለጠጎችና ሽማግሎች ከሆኑ፣ ይሉኝታ ይይዘዋል፤ ተጭነው ሲጠይቁት «እሺ እንሞክር» ሊል ይችላል። በወንዝ ጉዞ ከዚህ ሰዓት የሚብስ አደገኛ ሰዓት የለም። ውሃው የመንገደኛውን ዕድሜ፣ ማዕረግና የከፈለውን ገንዘብ አይጠይቅም።

ስለዚህ ነገሩ በትክክል ሊታሰብ ይገባል። ታንኳ ማንም ሊገዛ ይችላል፤ ሰደርያም በገበያ ይገኛል። መሪን የሚከፍል ሰው የሚገዛው ከእነዚህ የተለየ ዕቃ ነው፤ የሚገዛው «አይሆንም» የምትለዋን ቃል ነው። ያቺ ቃል በአንድ ጉዞ አንድ ጊዜ ብቻ ትነገር ይሆናል፤ ምናልባትም ፈጽሞ አትነገር ይሆናል፤ ነገር ግን የዋጋው ሁሉ ፍሬ እርሷ ናት። ይህችን ቃል በክርክር የሚያስለውጥ መንገደኛ የገዛውን ዕቃ በገዛ እጁ ወንዝ ውስጥ መጣሉ ነው። «አይሆንም» ማለት የማይችል መሪም ታንኳ ያከራየ እንጂ ጉዞ የመራ ሰው አይባልም።

መንገደኛው ለራሱም ይህ መብት አለው። መሪው «ይወረዳል» ያለውን ስፍራ ፈርቶ በእግሩ በዳር ልዙር የሚል ሰው ሊከበር እንጂ ሊዘበትበት አይገባም። ደኅና መሪ ይህን በመጀመሪያው ቀን ይናገራል።

የመጨረሻው ቀንና መልሱ

የመጨረሻው ቀን እንደሚታሰበው ቀላል አይደለም። በኢትዮጵያ ሸለቆዎች ወንዙ ከመንገድ እጅግ ዝቅ ብሎ ስለሚሄድ፣ ድልድይ በሌለበት ስፍራ የሚጨርስ ጓድ ገደሉን በእግሩ ይወጣል። አጋሰስ የሚያስፈልገው እዚህ ነው። ከአካባቢው ሰው ጋር ስለ በቅሎና ስለ አህያ ኪራይ አስቀድሞ መዋዋል፣ ዋጋውንም ሳያጓድሉ መክፈል፣ ለሚቀጥለው ጓድ በር መክፈት ነው። ከዚህ ቀደም የመጡ የውጭ አገር ጓዶች ታንኳውንና የጉዞውን መሣሪያ ከውጭ ይዘው ይመጡ ነበር፤ ይሁን እንጂ የአገሩን መንገድ፣ የአገሩን እንስሳና የአገሩን ሰው ሊያመጡ አይችሉም። የነጋዴው ድርሻ በዚህ ላይ ነው።

ለመሪዎችና ለረዳቶች ጉርሻ መስጠት የተለመደ ነው። መጠኑንም ከጉዞው በፊት ድርጅቱን መጠየቅ ከኋላ ሐሜት ያድናል። ወደ ቤቱ የተመለሰ መንገደኛ ደግሞ በሚቀጥሉት ሳምንታት ትኩሳት ከተሰማው፣ በቆላ ወንዝ ላይ እንደቆየ ለሐኪሙ መንገር አለበት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሰው ለምን ይሄዳል ቢባል መልሱ ከባድ አይደለም። አሥር ቀን በአንድ ታንኳ የተቀመጡ ሰዎች በከተማ አሥር ዓመት ከተዋወቁት ይልቅ ይተዋወቃሉ፤ ማን በችግር ቀን ገመድ እንደሚይዝ፣ ማን እንደሚለቅ ይታወቃል። ለንግድ ማኅበር አባልን የሚመርጥ ሰው ከዚህ የተሻለ ምስክር አያገኝም።

በበሽሎ ዳር በትሩን ይዞ ቀድሞ ይገባ የነበረው ሰው ስም በየትኛውም የንግድ መዝገብ ላይ አልተጻፈም። ጨው አልጫነም፤ ቡና አልሸጠም። ነገር ግን እርሱ «ዛሬ አይሆንም» ባለ ቀን ቅፍለቱ ሁሉ ሰፍሮ አደረ፤ በማግሥቱም ጭነቱ ሳይረጥብ፣ ሰው ሳይጎድል ገበያው ደረሰ። ወደ ነጭ ውሃ የሚወርድ መንገደኛም ከሁሉ አስቀድሞ ያንን ሰው ይፈልግ፤ ካገኘውም ይስማው።